ድሬዳዋ ላይ ይግባኝ ማለት፦ ከመዝገብ ቤቱ መስኮት እስከ ፍርዱ ግልባጭ

የፍትሐ ብሔር ይግባኝ እንደማንኛውም አገልግሎት ሊመዘን ይችላል። ይከፈልበታል፣ የጊዜ ገደብ አለው፣ ወረፋ አለው፣ በመጨረሻም ባለጉዳዩ በእጁ ይዞት የሚወጣ ነገር አለው። ያ ነገር ምክንያቱ የተጻፈበትና ማኅተም ያረፈበት ፍርድ ነው። ድል አይደለም፤ ድልን ማንም ቃል አይገባም። ስለዚህ እዚህ የሚመዘነው ማን ረታ ማን ተረታ ሳይሆን፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በሕግ የተጣለበት ግዴታ ምን እንደሆነና ባለጉዳዩ ያንን ግዴታ ለማስፈጸም ምን ይዞ መቅረብ እንዳለበት ነው።

በርጫ ላይ የሚሰማው ምክር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ይግባኝ በል፣ እንደ አዲስ ያዩልሃል።» አያዩለትም። ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የሥር ፍርድ ቤት (መጀመሪያ የፈረደው) የሠራውን ሥራ ይመረምራል እንጂ ክሱን ከሀ ብሎ አይጀምርም። ምስክር እንደገና አይቆምም፣ የተረሳ ደረሰኝ ከመሳቢያ ወጥቶ አይያያዝም። በአገልግሎቱ ቅር ከሚሰኘው ሰው መካከል ብዙው የሚቀየመው በዚህ የተነሳ ነው፤ የጠበቀው ሌላ ነገር ነበር።

መጀመሪያ በሩን መለየት ያስፈልጋል፤ ድሬዳዋ ላይ በሩ ሁለት ነው። የውል፣ የብድር፣ የካሳ፣ የንግድና ይህን የመሰለ ክርክር የሚታየው በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ነው። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይጀምራል፣ ይግባኙ ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ሁለቱም ድሬዳዋ ላይ ያስችላሉ፤ ለዚህ ከተማ ባለጉዳይ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው። ከ10 ሚሊዮን በላይ ከሆነ ክሱ በከፍተኛው ስለሚጀምር ይግባኙ አዲስ አበባ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው፤ ያኔ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ፣ የአልጋና የትራንስፖርት ወጪ ከዳኝነት ክፍያው ጋር አብሮ መሰላት አለበት።

ሁለተኛው በር የከተማው ፍርድ ቤቶች ናቸው። በድሬዳዋ ቻርተር፣ በአዋጅ ቁጥር 416/1996፣ የተቋቋሙ ሲሆኑ ከከተማ ቦታ ይዞታና ፈቃድ፣ ከቀበሌ ቤት፣ ከወራሽነት ማስረጃና ከመሳሰሉት ጋር የተያያዘውን ይይዛሉ፤ ይግባኙም እዚያው ለከተማው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይቀርባል። የሳቢያን ሰፈር ባለይዞታ ከጎረቤቱ ጋር በወሰን ሲጣላና ከዚያው ጎረቤቱ ጋር በብድር ሲጣላ ሁለት የተለያየ መንገድ ይዞ ሊሄድ ይችላል። የፍርዱ የመጀመሪያ ገጽ ራስጌ ላይ የትኛው ፍርድ ቤት እንደተጻፈ ማየት ይበቃል፤ ግን እሱን እንኳ ሳያዩ የሌላውን መዝገብ ቤት ደጅ የሚጠኑ አሉ። ሐረር ለሚኖር ሰው መንገዱ ሌላ ነው፣ የሐረሪ ክልል የራሱ ፍርድ ቤቶች አሉት። የይግባኝ ሥርዓቱ መሠረት ግን የትም ያው የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠሩት ቁጥሮች የእሱ ናቸው።

ይግባኝ የማይባልባቸውን ነገሮች ቀድሞ ማወቅ ገንዘብ ያድናል። በቁጥር 320 መሠረት ይግባኝ የሚባለው በመጨረሻ ፍርድ ላይ ነው። «ቀጠሮ አራዘመብኝ፣ መቃወሚያዬን ውድቅ አደረገው፣ ምስክሬን አልቀበልም አለኝ» የሚለው ቅሬታ ለብቻው ተነጥሎ አይቀርብም፤ ዋናው ፍርድ እስኪሰጥ ተይዞ ይቆይና ያኔ ከቅሬታ ነጥቦቹ አንዱ ይሆናል። ስለዚህ ትእዛዙ በተሰጠበት ዕለት ቅሬታው በመዝገብ እንዲሰፍር ማድረግ ነው ብልሃቱ። ሰው እንዲታሰር ወይም ንብረት ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እንዲተላለፍ የሚያዝ ትእዛዝ ሲሆን ግን መጠበቅ የለም። በሌለበት የተፈረደበት ተከሳሽም ቀጥታ ይግባኝ ቢል መንገድ ስቷል። በቁጥር 78 መሠረት ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ፣ ያልቀረበበትን በቂ ምክንያት ይዞ፣ የፈረደውን ፍርድ ቤት ራሱን መጠየቅ ይቀድማል። ይህን አንድ ወር ይግባኝ ሲያዘጋጅ የሚያሳልፍ ሰው ሁለቱንም ሊያጣ ይችላል።

አሁን ወደ 60 ቀኑ። የይግባኝ ማመልከቻ ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ መግባት አለበት፣ ቁጥር 323። ቀላል ይመስላል። የእኛ ወር ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ሰው «ሁለት ወር» ብሎ ይይዘዋል፤ ለአብዛኛው ዓመት ልክ ነው። ጳጉሜን ስትመጣ ነው የሚበላሸው። ሐምሌ 20 የተሰጠ ፍርድ እስከ ሐምሌ 30 ድረስ 10 ቀን፣ ነሐሴ 30 ላይ 40 ቀን፣ ጳጉሜን 5 ላይ 45 ቀን ይሆናል፤ 60ኛው ቀን መስከረም 15 ነው። «ሁለት ወር» ያለው ሰው መስከረም 20 ሲመጣ 5 ቀን አልፎበታል። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ደግሞ አንድ ቀን ይብሳል። በዚያ ላይ ወቅቱ ፍርድ ቤቶች በክረምት እረፍት ላይ የሚሆኑበት፣ ተረኛ ችሎት ብቻ የሚሠራበት ጊዜ ነው። እረፍቱን ተማምኖ መቀመጥ አያዋጣም፤ የመጨረሻው ቀን በዓል ወይም እሁድ ላይ ቢውል በሚቀጥለው የሥራ ቀን ማስገባት ይቻላል፣ ከዚያ በላይ ግን በራስ ግምት ቀን መጨመር የለም።

ቀኑን የሚበላው ሌላው ነገር ግልባጭ ነው። ማመልከቻው የፍርዱንና የመዝገቡን የተረጋገጠ ግልባጭ ይዞ ነው የሚገባው። ፍርዱ በችሎት ከተነበበ በኋላ እስኪተየብ፣ ዳኛው እስኪፈርሙበት፣ ማኅተም እስኪደረግ ጊዜ ይወስዳል፤ ረጅም የምስክር ቃል ያለበት መዝገብ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ የግልባጭ ጥያቄው ፍርዱ በተነበበበት ቀን ወይም በማግስቱ፣ በጽሑፍ፣ ቀኑ ተመዝግቦ መቅረብ አለበት። ግልባጩ ሲወሰድ የተጠየቀበት፣ የተከፈለበትና የተሰጠበት ቀን መጻፉን እዚያው መስኮቱ ላይ ቆሞ ማየት ያስፈልጋል። ጊዜው ሳይበቃ ቢቀር «ዘግይቶ የተሰጠኝ ግልባጩ ነው» ለማለት ያቺ ቀን ነች ማስረጃዋ። ሳይጠይቅ 40 ቀን ቆይቶ በ41ኛው ቀን ለጠየቀ ሰው ግን መዝገብ ቤቱን መውቀስ አያዋጣውም።

ጊዜው ካለፈ ምን አለ? ይግባኝ ለሚባልበት ፍርድ ቤት የማስፈቀጃ ማመልከቻ ይቀርባል፤ በጊዜው ያልቀረበበት በቂ ምክንያት ከነማስረጃው ይገለጻል። ሆስፒታል ተኝቶ ከሆነ የገባበትና የወጣበት ቀን የሚታይበት ወረቀት ያስፈልጋል፤ «ታምሜ ነበር» ብቻውን አይበቃም። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ አለ፦ የጠበቃ ወይም የወኪል ቸልተኝነት በቂ ምክንያት አይደለም፤ ሕጉ ይህን በግልጽ ዘግቶታል። ጠበቃው ቢረሳ የሚጎዳው ባለጉዳዩ ነው፣ ከጠበቃው ጋር ያለው ሒሳብ ሌላ ነው። ፈቃዱ ቢሰጥም ይግባኙን ለማስገባት የሚፈቀደው ጊዜ አጭር ስለሆነ ማመልከቻው ቀድሞ ተጽፎ መቀመጥ አለበት። ለውጭ አገር ዘመድ የሚከራከሩም ውክልናቸው ላይ «ይግባኝ ለመጠየቅ» የሚል ቃል መኖሩን ያኔ ሳይሆን ዛሬ ይመልከቱ።

የማመልከቻው ጽሑፍ ላይ ስንመጣ የፍርድ ቤት አካባቢ ጽሕፈት ቤቶችን ሥራ ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ፈጣን ናቸው፣ ከጠበቃም ይረክሳሉ፣ ለአጭር ማመልከቻም በቂ ናቸው። ለይግባኝ ግን በተለምዶ የሚሸጡት የተጋነነ ወረቀት ነው። «የሥር ፍርድ ቤት ፍትሕን በመርገጥ፣ እውነቱን በመካድ፣ ሕግን በመጣስ የሰጠው ውሳኔ…» እየተባለ ሦስት ገጽ ይሞላል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ዳኛ የሚመረምረው ነገር የለም። የይግባኝ ማመልከቻ በቁጥር 327 መሠረት የተከራካሪዎቹን ስምና አድራሻ፣ የፈረደውን ፍርድ ቤት፣ የመዝገብ ቁጥሩን፣ ፍርዱ የተሰጠበትን ቀን፣ የቅሬታውን ምክንያትና የሚጠየቀውን ዳኝነት (ፍርድ ቤቱ እንዲወስን የሚፈለገውን) መያዝ አለበት። የቅሬታ ነጥቦቹ አጭርና በተራ ቁጥር የተለያዩ ይሁኑ።

ልዩነቱን ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ታይዋን በሚባለው የድሬዳዋ ገበያ ያለ ነጋዴ 640 ሺህ ብር የሸቀጥ ዕዳ ክፈል ተብሎ ተፈርዶበታል፤ 250 ሺውን በባንክ ከፍሏል። ደካማው ማመልከቻ «ከፍዬ ሳለ በግፍ ተፈርዶብኛል» ይላል። ጠንካራው እንዲህ ይጽፋል፦ «1. 250,000 ብር በባንክ ገቢ መደረጉን የሚያሳየው፣ በመልሴ ላይ በተራ ቁጥር 3 ያቀረብኩት የሰነድ ማስረጃ በፍርዱ ውስጥ ሳይመዘን ታልፏል። 2. የተከፈለ ገንዘብ መኖሩ በጭብጥነት አልተያዘም።» (ጭብጥ ማለት ፍርድ ቤቱ መርምሮ መልስ የሚሰጥበት የክርክር ነጥብ ነው።) ከዚያ ዳኝነቱ፦ «ፍርዱ ተሻሽሎ ዕዳው 390,000 ብር እንዲሆን።» ይህን የሚያነብ ዳኛ መዝገቡን ከፍቶ የት ገጽ ላይ እንደሚያይ ያውቃል። ጥቅሙ በክፍያም ይታያል፤ የዳኝነት ክፍያው የሚሰላው በሚጠየቀው ዳኝነት መጠን ስለሆነ ቅር ያላሰኘውን 390 ሺህ ጨምሮ ይግባኝ ማለት ኪስንም ያራቁታል፣ ክርክሩንም ያዳክማል። መክፈል የማይችል ሰው በድህነት የመከራከር መብት አለው፣ ከቁጥር 467 ጀምሮ ተደንግጓል፤ የገቢና የንብረት ሁኔታውን ግን በቃለ መሐላ አረጋግጦ መቅረብ አለበት።

ወረቀቱ የሚዘጋጀው በስንት ቅጂ ነው? ለፍርድ ቤቱ አንድ፣ ለእያንዳንዱ መልስ ሰጪ (ይግባኝ ለተባለበት ወገን) አንድ፣ ለራስ አንድ። የራሱን ቅጂ «ደርሷል» አስብሎ ቀን ሳያስመታ መስኮቱን ለቆ የሚሄድ ሰው በኋላ ሲጨቃጨቅ ይገኛል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ችሎቱ ራሱ። ይግባኝ ሰሚው የመጀመሪያ ሥራው ማጣራት ነው። ይግባኝ ባዩን ይሰማል፣ ማመልከቻውንና ፍርዱን ያያል፤ ከሥር ፍርድ ቤት ጋር ከተስማማ በቁጥር 337 መሠረት መልስ ሰጪን ሳይጠራ ይሰርዘዋል፤ የሚያነጋግር ነገር ካገኘ ደግሞ በቁጥር 338 መጥሪያ ይልካል። በአደባባይ ቋንቋ የመጀመሪያው «አያስቀርብም»፣ ሁለተኛው «ያስቀርባል» ይባላል። ይህ የማጣሪያ መንገድ የአገልግሎቱ ጥሩ ጎን ነው፤ በሥር ፍርድ ቤት የረታን ሰው ያለ ምክንያት ከከዚራ እስከ መጋላ ጠበቃ ፍለጋ ከመንከራተት ያድነዋል። ድካሙ ግን እዚሁ ላይ ነው። «አያስቀርብም» የሚለው ውሳኔ በየትኛውም አገር ፍርድ ቤት ቢሆን በሁለት መስመር ሊያልቅ ይቃጣዋል፦ «የሥር ፍርድ ቤት ውሳኔ የሚነቀፍበት ምክንያት ስለሌለ ተሰርዟል።» ለባለጉዳዩ ይህ አይበቃም። ፍርድ ጭብጡን፣ ውሳኔውንና ምክንያቱን መያዝ እንዳለበት ቁጥር 182 ይናገራል፤ ሁለት ቅሬታ ላቀረበ ሰው ቢያንስ ሁለቱም ለምን ተቀባይነት እንዳላገኙ በአንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ሊነገረው ይገባል። ለዚህ ነው ነጥቦቹን በቁጥር መለየት የሚጠቅመው፤ ያልተመለሰው ቁጥር በዓይን ይታያል፣ በቀጣዩ ደረጃም «ይህን አልመረመሩም» ለማለት ያስችላል። ተቀላቅሎ የተጻፈ ቅሬታ ተቀላቅሎ ነው የሚመለሰው።

በማጣሪያው ቀን ይግባኝ ባዩ የሚናገርበት ጊዜ አጭር ነው። ድሬዳዋ ላይ «አንቱ» ብርቅ ነው፣ ሰው ሁሉ «አንተ» ይባባላል፤ ችሎት ፊት ግን «ክቡር ፍርድ ቤት» ተብሎ ቆሞ ይነገራል፤ ከልማድ የመጣ «አንተ» ማንንም ባያስቆጣ እንኳ ጊዜ ያባክናል። ስለ ጉዳዩ ታሪክ መተረክ አያስፈልግም፤ «ነጥብ አንድ፣ መዝገቡ ገጽ 14 ላይ» ብሎ መጀመር ነው። በአማርኛ መናገር የማይቀናው፣ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ የሚናገር ባለጉዳይ አስተርጓሚ እንዲመደብለት ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት ለመዝገብ ቤት ያሳውቅ፤ በዕለቱ ሲጠየቅ ቀጠሮው ይቀየራል። ሰነድም እንደዚያው ነው፤ በዚህ ከተማ የድሮ የንግድ ወረቀት በዐረብኛ ወይም በፈረንሳይኛ ተጽፎ መገኘቱ አይደንቅም፤ ትርጉሙ ከሥር ፍርድ ቤት ጀምሮ ከመዝገቡ ጋር መኖር አለበት።

እግድን፣ ማለትም ፍርዱ እንዳይፈጸም ለጊዜው የሚያስቆመውን ትእዛዝ፣ በተመለከተ ስህተቱ ብዙ ነው። ይግባኝ ማለት ብቻውን አፈጻጸምን አያስቆምም፤ መነሻው ቁጥር 332 ነው። ይግባኙ «ያስቀርባል» ተብሎም ቤቱ ሊታሸግ፣ መኪናው በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። እግድ የሚጠየቀው በተለየ ማመልከቻ፣ በቃለ መሐላ ተደግፎ ነው። ሦስት ነገር መያዝ አለበት፦ አፈጻጸሙ መጀመሩን የሚያሳይ ትእዛዝ ግልባጭ ከነቀጠሮ ቀኑ፣ ቢፈጸም የሚደርሰው የማይመለስ ጉዳት ምን እንደሆነ፣ እና ዋስትና። ጉዳቱ ገንዘብ ብቻ ከሆነ «በኋላ ይመለስልሃል» የሚለው መልስ ጠንካራ ነው፤ ቤት የሚፈርስ ወይም ሱቅ የሚዘጋ ከሆነ ግን ሚዛኑ ይለወጣል። ፍርድ ቤቱ ዋስትና ጠይቆ ሊያግድ ስለሚችል ምን ማስያዝ እንደሚቻል አስቀድሞ ማሰብ ነው፤ ችሎት ፊት «ልጠይቅ» ማለት የአንድ ሳምንት ቀጠሮ ነው። ከተሰጠም በኋላ ሥራው አላለቀም። የእግዱን ደብዳቤ ራስ ይዞ ለአፈጻጸም ችሎቱ ማድረስና ማስመዝገብ ያስፈልጋል፤ በፖስታ ይደርሳል ብሎ የተቀመጠ ሰው ደብዳቤው ከሐራጁ በኋላ ሲደርስ ያያል።

መልስ ሰጪ ለሆነው ወገን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚረሳ መሣሪያ አለ፤ መስቀለኛ ይግባኝ፣ ቁጥር 340። 640 ሺህ ጠይቆ 390 ሺህ የተፈረደለት ሰው፣ ባላጋራው ይግባኝ ካለ፣ የራሱን ቅሬታ በዚያው መዝገብ ማቅረብ ይችላል። ሳያቀርብ ዝም ካለ ግን ይግባኝ ሰሚው ያልተጠየቀውን ዳኝነት አይሰጠውም፤ «ይግባኙ ውድቅ ሆኖ ፍርዱ ይጽናልኝ» ብሎ ብቻ የመለሰ ሰው ከፍርዱ በላይ መጠበቅ የለበትም። መጥሪያው ሲደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ብዬ ልመልስ» ብቻ ሳይሆን «እኔስ ቅር ያለኝ ነገር አለ ወይ» መሆን አለበት።

አዲስ ማስረጃ የሚለው ጉዳይ ላይ ሕጉ በሩን ገርበብ ነው ያደረገው። በቁጥር 345 መሠረት ይግባኝ ሰሚው ተጨማሪ ማስረጃ የሚቀበለው የሥር ፍርድ ቤት መቀበል ሲገባው አልቀበልም ያለው ማስረጃ ሲሆን፣ ወይም ፍርድ ቤቱ ራሱ ለመወሰን ያስፈልገኛል ሲል ነው፤ የተቀበለበትንም ምክንያት በመዝገብ ያሰፍራል። «አሁን አገኘሁት» የሚለው በዚህ በር አይገባም። ከፍርድ በኋላ የተገኘ፣ ሐሰተኛ ሰነድን ወይም ይህን የመሰለ ነገርን የሚያጋልጥ ማስረጃ የራሱ መንገድ አለው፤ ቁጥር 6 ላይ ያለው የዳግም ዳኝነት ጥያቄ ሲሆን የሚቀርበውም ለፈረደው ፍርድ ቤት ነው። ባለሙያ እንዲመረምር ተጠይቆ ያልተፈቀደ ነገር ካለ ግን፣ ለምሳሌ ፊርማ ወይም የቤት ግምት፣ ጥያቄው ቀርቦ እንደነበረ የሚያሳየውን የመዝገብ ገጽ ጠቅሶ በ345 መሠረት መጠየቅ ይቻላል። እንዲህ ያለው ጥያቄ ነው ተቀባይነት የሚያገኘው።

ከሁሉም በላይ የአገልግሎቱ ጥራት የሚለካው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ይግባኝ ሰሚው ራሱ ይወስናል ወይስ ይመልሰዋል? ሕጉ እዚህ ላይ ግልጽ ነው። የሥር ፍርድ ቤት በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ብቻ ዘግቶት ከነበረ፣ ለምሳሌ «በይርጋ ታግዷል» (መክሰሻ ጊዜው አልፏል) ብሎ፣ ይህም ስህተት ከሆነ፣ በቁጥር 341 ይመለሳል፤ ፍሬ ነገሩ ገና አልተሰማምና። መያዝ የነበረበት ጭብጥ ተዘሎ ማስረጃ ያልተሰማበት ከሆነ በቁጥር 343 ጭብጡ ተለይቶ ይመለሳል። በመዝገቡ ያለው ማስረጃ ለመወሰን የሚበቃ ከሆነ ግን ይግባኝ ሰሚው ራሱ ይወስናል፤ ቁጥር 342 ነው። የሥር ፍርድ ቤቱ ምክንያት ደካማ ስለሆነ ብቻ መዝገብ መመለስ የለበትም።

በተግባር ችግር የሚሆነው ያለ በቂ ምክንያት የተመለሰ መዝገብ ነው። ባለጉዳዩ ሁለት ጊዜ ክስ የተሟገተ ያህል ይሆናል፤ ከተመለሰው ፍርድ ላይ እንደገና ይግባኝ አለ፣ እንደገና 60 ቀን አለ፣ እንደገና ግልባጭ አለ። ስለዚህ የይግባኝ ክርክሩ ላይ አማራጭ ዳኝነት መጠየቅ ጥሩ ልማድ ነው፦ «በዋናነት ፍርዱ ተሽሮ እንዲወሰንልኝ፤ ይህ ካልሆነ እንዲህ በሚለው ጭብጥ ላይ ብቻ ማስረጃ ተሰምቶ እንዲወሰን።» «ብቻ» የምትለው ቃል ዋጋ አላት። ሲመለስ ጭብጡ ጠቦ ከተመለሰ የሥር ፍርድ ቤት በዚያ ላይ ያተኩራል፤ «እንደገና አጣርቶ ይወስን» ተብሎ በጅምላ ከተመለሰ ሁሉም ነገር ዳግም ይከፈታል፣ የተስማሙበት ሳይቀር። የመመለሻ ትእዛዙ ሲነበብ የትኛው ጭብጥ እንደሆነ ካልተለየ እዚያው ችሎት ላይ በትሕትና መጠየቅ ነውር የለውም።

ፍርዱ ሲሰጥ በቁጥር 348 መሠረት የሥር ፍርድ ቤት ውሳኔ ይጸናል፣ ይሻሻላል ወይም ይሻራል። ጥሩ የይግባኝ ፍርድ አራት ነገር አለው፦ ሁለቱ ወገኖች ያሉትን ባጭሩ ይናገራል፣ ጭብጡን ይይዛል፣ በእያንዳንዱ ጭብጥ ላይ ማስረጃውን ጠቅሶ ምክንያቱን ይሰጣል፣ የመጨረሻውን ውጤት በቁጥር ያስቀምጣል። የመጨረሻው በተለይ ለአፈጻጸም ነው። «ፍርዱ ተሻሽሏል» ብሎ ምን ያህል ብር፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ ወለድ፣ ወጪና ኪሳራውስ ማን እንደሚሸፍን ካልተናገረ፣ የአፈጻጸም ችሎቱ ላይ አዲስ ጭቅጭቅ ይወልዳል። ግልባጩ እንደተወሰደ መጀመሪያ የሚነበበው የመጨረሻው ገጽ ነው፤ የስሌት ወይም የጽሑፍ ስህተት ካለ ቶሎ እንዲታረም ማመልከት ይቻላል፣ ይህ ይግባኝ አያስፈልገውም። እግድ ተሰጥቶ ከነበረም መነሳቱ ወይም መቀጠሉ በትእዛዙ ውስጥ መጻፍ አለበት፤ ሳይነገር የቀረ እግድ ለረታው ሰው ወራት ያስከፍላል።

ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ጠባብ ነው። የመጀመሪያው ይግባኝ ሰሚ ፍርዱን ካጸናው በተለምዶ ሁለተኛ ይግባኝ የለም፤ የሚቀረው ሰበር ነው። ሰበር ደግሞ ሌላ አገልግሎት ነው። ምስክር ማንን አመንክ ብሎ አይጠይቅም፤ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ ወይ የሚለውን ብቻ ያያል። አቤቱታው በቅድሚያ በሦስት ዳኞች ይጣራል፣ ካለፈ በአምስት ይታያል። የራሱ የጊዜ ገደብ ስላለው ከ60 ቀኑ ጋር አያምታቱት፤ መቁጠር የሚጀመረውም ግልባጩ ከወጣበት ሳይሆን የመጨረሻው ፍርድ ከተሰጠበት ቀን ነው። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ስለሚያስገድድ፣ የይግባኝ ማመልከቻ ላይም ተስማሚ የሰበር ውሳኔ ከነመዝገብ ቁጥሩ መጥቀስ ብርቱ ነው። የሰበር ውሳኔዎቹ በቅጽ በቅጽ ታትመው ወጥተዋል። ግን ውሳኔውን ሙሉውን አንብቦ ነው መጥቀስ፤ አርእስቱን ብቻ አይቶ የጠቀሰ ሰው ውሳኔው ለባላጋራው ሲሠራ ተገኝቶበታል።

ፍርዱ ተሽሮለት፣ ነገር ግን ገንዘቡ ቀድሞ ተፈጽሞበት ለነበረ ሰው አንድ ሥራ ይቀረዋል። መሻሩ ብቻውን ገንዘቡን አይመልስም። የይግባኝ ፍርዱን ግልባጭና የተከፈለበትን ደረሰኝ ወይም የአፈጻጸም ትእዛዝ አያይዞ፣ ፍርዱን አስቀድሞ ለሰጠው ፍርድ ቤት «ወደ ነበረበት ይመለስልኝ» ብሎ ማመልከት አለበት። መዝገቡ ከይግባኝ ወደ ሥር ፍርድ ቤት እስኪመለስ ቀናት ስለሚወስድ፣ ሲሄድ የይግባኙን መዝገብ ቁጥርም የሥሩንም ይዞ መሄድ ነው፤ አንዱን ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ወረፋውን ሁለቴ ይሰለፋል።